እስከ አስር ቁጠሩ

የበደለኝ የእድራችን ዳኛ ነው። የበደለኝም የዛሬ አራት ዓመት፣ ታላቅ እህቴን በቀበርንበት ቀን፣ ሮቤ ውስጥ በራሷ ደጅ በተተከለ ድንኳን፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ስሙን አልጽፍም። ከስሙ ይልቅ እጁን አስታውሳለሁ፤ ቅባት የነካው፣ ሳይታጠብ የሰው ሥራ የሚከፍት እጅ።

እድራችን ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊ ነበር በየሰፈሩ እየዞረ የሚያስታውቀው። እሱ ካረፈ በኋላ እድሩ አንድ ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ አሰረ። ባጃጁ ማለዳ እየዞረ ለቅሶውን ይናገራል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ድንኳኑ አጠገብ ይቆምና አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት የሟቹ የሕይወት ታሪክ በዚያው ሞንታርቦ ይነበባል።

ማይኩ አንድ ነው። ያ ማይክ ሲከፈት ከሰው ድምፅ ጋር አብሮ የሚመጣ ጩኸት ነበረው፤ ቄራ በር ላይ እንደሚሰማ የዝንብ መንጋ ያለ። ሰው ለምዶታል። የሞተ ሰው ታሪክ በዝንብ ድምፅ ታጅቦ ሲነበብ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የሰማ ይመስላል፣ ማንም ግን ምንም አይሰማም። ማይኩ አፍ ላይ ያለው ስፖንጅ ደግሞ የስንቱን ትንፋሽ እንደጠጣ እግዜር ይወቅ። ሽንኩርት፣ አረቄ፣ ጫት፣ የታመመ ጥርስ ይሸታል። አንድ ቀን ለሌላ ሰው ላቀብል ይዤው ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

እኔ ጎባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። መምህራን ይመጣሉ ይሄዳሉ፤ የተቃጠለውን የምሠራው እኔ ነበርኩ። የሠራሁትን መምህሩ ሠራው ሲባል ከሃያ ዓመት በላይ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ስለ ሥራዬ ብዙ አላወራም፤ ያወራሁበት ጊዜ ሁሉ ሌላ ሰው ተመስግኖበታል። ጡረታ ስወጣ ጓዜን ጠቅልዬ ሮቤ እህቴ ቤት ገባሁ።

እህቴ ነጋዴ ነበረች። አንገቱ ከምትባል ከተማ የሃረናን ጫካ ቡናና ማር እየሰበሰበች፣ በጭነት መኪና፣ ከጆንያው በላይ ተቀምጣ፣ የሳነቴን ተራራ ተሻግራ ጎባና ሮቤ ታወርድ ነበር። ሳነቴ ላይ ብርዱ ጣት ያደርቃል። ከጭነቱ በላይ ከወንዶቹ ጋር የምትቀመጥ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ሮቤም ስም አወጣላት፤ «የመኪና ላይዋ» ይሏታል። ምን ማለታቸው እንደሆነ የማያውቅ የለም። እኔን ያስተማረችኝ በዚያ ንግድ ነው። ሳታገባ የቀረችው በዚያ ስም ነው። ስሙን ያወጡላት ሴቶች ማሯን በዱቤ ይወስዱ ነበር፤ አፋቸውን ከእሷ ማር ጠርገው እሷን ያሙ ነበር።

ሕመሙ ሲጠናባት አንድ ቀን ጠራችኝ።

«ስሞት የምታነቢው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «መኪናውን እንዳትዘልዪው።»

«ምን ልበል?»

«እንደነበረው በይ። ሹፌሮቹ እንደ እህት ነበር የሚያዩኝ። በረዶ ሲጥል ሸራውን ለእኔ ሰጥተው እነሱ ይረጥቡ ነበር በይ። ሌላ ቀባጥረሽ እንዳታሳፍሪኝ።»

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አነበብኩላት፤ አንድ ቦታ ላይ «ይህ ውሸት ነው፣ ያን ያህል ደግ አልነበርኩም» ብላ አሰረዘችኝ። ያን ወረቀት ሮቤ አንዴ፣ ቃል በቃል፣ አጥርቶ እንዲሰማው ፈለግሁ። ማይኩን ለመሥራት የተነሳሁት ለዚህ ነው፤ ለእድሩ አስቤ አይደለም።

የእድሩ ዳኛ ሚስማርና ቀለም የሚሸጥ ሰው ነው። የማያውቀው ነገር የለም። ስለ ማይኩም አስቀድሞ ፈርዶ ነበር፤ ጩኸቱ የባጃጁ ሞተር ድምፅ በአየር መጥቶ ማይኩ ውስጥ እየገባ ነው ብሎ። የባጃጁ ባትሪ ያረጀ ስለሆነ ሞተሩ ካልተነሳ ሞንታርቦውን አይችልም፤ ስለዚህ ንባቡ እስኪያልቅ ሞተሩ ይሠራል። ዳኛው ታዲያ ባጃጁን ከድንኳኑ ማዶ፣ ከአጥር ውጭ አስወጥቶ ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየር በረጅም ሽቦ አስቀጠለው። ማይኩን ደግሞ በጥጥ አስጠቀለለ። ጩኸቱ ባሰ። እሱ ግን «አሁን ትንሽ ይሻላል» ይል ነበር፤ ሰውም «አዎ ይሻላል» ይለዋል። የሚያስጠላኝ ይኼ ነው። ሁሉም ጆሮ አለው።

በእድሩ ስብሰባ ቀን እጄን አወጣሁ። ጩኸቱ በአየር አልመጣም አልኩ።

«ኢንጂነሯ ተነሱ! ቦታ ስጧቸው!» አለ ዳኛው። ሰው ሳቀ።

«ገብስ የሞላ ጆንያ አምጡልኝ» አልኩ።

«ቆሎ ሊቆሉልን ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

ጆንያው ከጎረቤት መጣ። ባጃጅ ነጂውን ሞተሩን እንዲያስነሳ ነገርኩት። ፂሙ የሸበተ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው፤ በኦሮምኛ፣ ለክብር፣ ኣዴ እያለ ነው የሚጠራኝ። ማይኩን ከነጥጡ ገብሱ መሐል እስከ ክንዴ ድረስ አስገብቼ ቀበርኩት። ከዚያ ጆንያው ላይ ጎንበስ ብዬ ጮክ አድርጌ ተናገርኩ። ከሞንታርቦው የእኔ ድምፅ አልወጣም። የዝንቡ ጩኸት ግን እንዳለ ነው፤ አንድም አልቀነሰም።

«ወላሂ፣ ዝንቡ ገብሱ ውስጥ ገብቷል!» አለ ባጃጅ ነጂው።

«ድምፅ ገብሱን አልፎ መግባት ካልቻለ፣ ጩኸቱ በየት ገባ?» አልኩ። «በሽቦው ነው የሚመጣው።»

«ሽቦ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ጆሮ ያበቀለው?» አለ ዳኛው። በዚህም ሳቁለት። ግን ማይኩን ወደ ቤቴ እንድወስድ ሽማግሌዎቹ ፈቀዱ፤ አምፕሊፋየሩንም ጭምር።

ነገሩ ከባድ አይደለም። የእድራችን ዓይነት ማይክ ብቻውን ድምፅ አይሰጥም። ውስጡ ያለችው ጥፍር የምታህል ቁራጭ ያለማቋረጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ መመገብ አለባት፤ ይህን በመጽሐፍ ባያስ ይሉታል። ክፋቱ፣ የምትመገብበትና ድምፁን የምትመልስበት ሽቦ አንድ ነው። ምግቡ ከቆሸሸ ቆሻሻው ከድምፁ ጋር አብሮ ይሄዳል። አምፕሊፋየር ደግሞ ሰውና ቆሻሻ አይለይም፤ ሁለቱንም እኩል ያጎላል። የባጃጁ ሞተር ባትሪውን እየሞላ ኤሌክትሪኩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሮቤ ስንት ዓመት ሙሉ ስትሰማው የኖረችው ዝንብ ይኼ መንቀጥቀጥ ነው። ለዚህ ማይክን በጥጥ መጠቅለል፣ የቆሸሸ ውሃ ጠጥቶ ከንፈርን እንደ መጥረግ ነው።

ከኃይሉ ወደ ማይኩ በሚወስደው መንገድ ላይ ኤሌክትሪኩን የሚያጠብ አንድ ሬዚስተር ነበር። እሱን አንስቼ በቦታው ሁለት በተከታታይ አደረግሁ። በሁለቱ መካከል የአውራ ጣቴን የሚያህል ካፓሲተር አስገብቼ አንዱን እግሩን ወደ መሬት ሽቦው ሰደድኩ። ካፓሲተሩ እንደ ጋን ነው፤ የደፈረሰው በቀጭን ቱቦ ይገባበታል፣ እዚያ ይረጋል፣ ማይኩ ከረጋው ይቀዳል። ሬዚስተሮቹን ከመጠን በላይ ካሳደጉ ደግሞ ማይኩ ይራባል፣ ድምፁ ይደክማል፤ ስለዚህ እየለዋወጥኩ ልኩን ፈለግሁ።

መጀመሪያ ላይ ተሳስቻለሁ። የካፓሲተሩን እግር የባትሪው ሽቦ ከሚታሰርበት ብሎን ጋር በየድኩት፤ ጩኸቱ ግማሹ ብቻ ሄደ። ያ ብሎን ራሱ የቆሸሸ ነው፤ ሞንታርቦው የሚበላው ኃይል ሁሉ የሚመለሰው በእሱ በኩል ነው። ፈትቼ የማይኩ ገመድ መሬት ከሚይዝበት ነጥብ ላይ አዛወርኩት። ባጃጅ ነጂው ደጄ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ሞንታርቦው ጸጥ አለ። ጸጥ ከማለቱ የተነሳ ባጃጅ ነጂው የተቃጠለ መስሎት ብድግ አለ። ከዚያ እህቴ ከመኝታዋ ስታስል በሞንታርቦው ተሰማ። ማይኩ መስኮቱ አጠገብ ነበር።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለች ከውስጥ።

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

ስፖንጁን በሳሙና አጠብኩት፤ ሦስት ጊዜ። የወጣውን ውሃ መግለጽ አልፈልግም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጋኑ እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳል። አምፕሊፋየሩን ካበሩ በኋላ ማይኩ ወዲያው አይናገርም፤ በዝግታ እስከ አስር መቁጠር ያስፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ ይነቃል። ይህን ለባጃጅ ነጂው አስተማርኩት፤ ወዲያው ገባው። ለዳኛው ልነግረው ሱቁ ሄድኩ። ቁርጥ እየበላ ነበር። የስጋውን ጅማት በጥርሱ እየጎተተ «እሺ፣ እሺ» ይለኛል፤ ዓይኑ ግን በር ላይ ነው። ስላልሰማኝ በወረቀት «ካበሩ በኋላ እስከ አስር ቁጠሩ» ብዬ ጽፌ አምፕሊፋየሩ ክዳን ላይ ለጠፍኩ።

ከዚያ ወዲያ በነበሩት ሁለት ለቅሶዎች አምፕሊፋየሩን ያበራው ባጃጅ ነጂው ነበር፤ ንባቡ ጠርቶ ተሰማ። ሰው ተገረመ። ዳኛው «አሠራሁት» ይላል። ማን እንደሠራው የጠየቀው የለም፤ ቢጠይቁትም የሚመልሰውን አውቃለሁ። ወረቀቴንም ላጠው። ባጃጅ ነጂው ለምን ብሎ ሲጠይቀው «የእድሩ ዳኛ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሕዝብ ፊት ቁጥር ይቁጠር? ያሳፍራል» አለው።

እህቴ ከዚያ ብዙም አልቆየችም።

በቀብሯ ቀን እኔ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። አስከሬኑ አጠገብ ሆኜ ተነስቼ መውጣት አልችልም ነበር። ውጭ የሆነውን የነገረኝ ባጃጅ ነጂው ነው። ሌላ ሰው በፈረቃው ስለነበር እሱ የደረሰው መጨረሻው ላይ ነው፤ የቀረውን ከሰው ሰምቶ ነው። ዳኛው አምፕሊፋየሩን አብርቶ ማይኩን ያዘ። «ሃሎ» አለ፤ የለም። በጣቱ መታው። እፍ አለበት። «ሃሎ፣ ሃሎ» አለ፤ የለም። እስከ አስር ያለው ጊዜ ለሚቆጥር ሰው አጭር ነው፤ ሕዝብ ፊት ለሚያፍር ሰው ግን ረጅም ነው። አንዲት ሴት ሳቀች። ያን ጊዜ ክዳኑን በቢላ ፈልቅቆ ከፈተ። ውስጡ ከሌላው የተለየ፣ ትልቅና አዲስ ነገር አየ። «ይኼው! ሴትዮዋ የሰካችው ነው ያፈነው» ብሎ ካፓሲተሩን ከእግሮቹ ቆርጦ ጣለው።

ማይኩም ወዲያው ተናገረ። ይናገራላ፤ የሚሞላ ጋን የለም። «አያችሁ?» አለ። ዝንቡም አብሮ ገባ።

ወረቀቴን ይዤ ስወጣ ጩኸቱ ድንኳኑን ሞልቶታል። ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ግን እህቴ ልትወጣ ነው፣ ካህናቱ ቆመዋል። አነበብኩ። ድምፄን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ጩኸቱም አብሮ የሚሄድ መሰለኝ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰዎች ፊት ላይ ያን የማውቀውን የሰማ የሚመስል ፊት አየሁ። «ሹፌሮቹ» የሚለው ቃል ብቻ ሳይሆን አይቀርም የደረሳቸው፤ ምክንያቱም ሁለት ሴቶች ተያዩና አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሁለተኛውን ገጽ ስገልጥ ዳኛው መጥቶ ማይኩን ከእጄ ወሰደ። እጁ የስጋ ስብ ነበረበት፤ ጣቴ ላይ ቀረ።

«በቃ እትዬ፣ ፀሐይ ነው፣ ሰው ደክሞታል» አለኝ። ከዚያ ለሕዝቡ «ይቅርታ፣ ሴትዮዋ ማይኩን ነካክተውት አበላሽተውታል፣ እናሠራዋለን» አለ።

በሞንታርቦ ነው ያለው። እሱ ሲናገር ሁሉም ሰማ።

ከቀብር ስንመለስ ባጃጁ የቆመበት ቦታ ሄጄ ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። ካፓሲተሩ ጭቃ ውስጥ፣ ከተጋጠ አጥንትና ከተተፋ ጫት ጋር ነበር። አንስቼ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ነጠላውን ጣልኩት፤ ካፓሲተሩን በአሮጌ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩ። ወረቀቱንም አጥፌ እዚያው አደረግሁ።

ሦስት ዓመት ሙሉ እድሩ ሙታኑን በዝንብ ጩኸት ሸኘ። ከጋሰራ ከተማ አንድ ጠጋኝ አስመጥተው ሞንታርቦውን ለወጡ፤ አዲሱ ሞንታርቦ ዝንቡን አጎልቶ አወጣው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ለቅሶ ስደርስ ከሩቅ ተቀምጬ ሰምቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ደስ አላለኝም። አስጠላኝ እንጂ።

ባለፈው ዓመት የዳኛው እናት አረፈች። ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ፤ ከኋላቸው እሱ ቆሟል። ባጃጅ ነጂውም አምፕሊፋየሩን ታቅፎ ነበር።

«እትዬ፣ እናቴ አረፈች» አለ።

«ነፍስ ይማር።»

«ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ማይኩ...»

«ማይኩ ምን ሆነ?»

«ያው... ይጮሃል።»

«ሴትዮዋ ነካክታው ይሆናል» አልኩ።

ባጃጅ ነጂው ወደ መሬት አየ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ኧረ ስለ እግዜር፣ ሬሳው ገና እቤት ነው» አለኝ።

«የእኔም ነበር» አልኩት።

የዳኛውን እናት አውቃት ነበር፤ ክፉ ሴት አልነበረችም። እህቴንም በስሟ ነበር የምትጠራት።

«እሠራዋለሁ» አልኩ። «ግን ድንኳኑ ውስጥ አብርቼ የምሞክረው እኔ ነኝ። ሞክሬ እስክጨርስ ማንም እጁን አይሰድም።»

«እሺ» አለ ዳኛው።

«ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው።»

«እሺ ብያለሁ እኮ!»

ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል። ካፓሲተሩን ከቆርቆሮው አወጣሁ። እግሮቹ ስለተቆረጡ ቁራጭ ሽቦ ቀጠልኩባቸው፤ በማይኩ መሬት ነጥብ ላይ በየድኩት። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ዳኛው በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በክብሪት እንጨት ሲጎረጉር ቆየና እንጨቱን ደጄ ላይ ጣለው።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ባጃጁ ሞተሩን አስነሳ። አምፕሊፋየሩን አብርቼ ማይኩን ያዝኩ። ዳኛው አጠገቤ የእናቱን ወረቀት ይዞ ቆሟል። እስከ አስር ቆጠርኩ፣ በዝግታ፣ በአፌ፣ ሰው ከንፈሬን እያየ። እሱ አንዴ በግራ እግሩ አንዴ በቀኝ እግሩ ቆመ። ስምንት ላይ ስደርስ እጁን ዘረጋ፤ አንዱ ሽማግሌ እጁን ያዘው። አስር አልኩ። ሞንታርቦው ጸጥ ያለ ነበር። ወረቀቴን ዘረጋሁ።

«የታላቅ እህቴ የሕይወት ታሪክ» ብዬ አነበብኩ።

ድምፄ ከአጥሩ ውጭ ካለው መንገድ ተመልሶ ሲመጣ ይሰማኝ ነበር።

«እትዬ፣ የእናቴ ለቅሶ ነው እኮ» አለኝ በጆሮዬ።

ማይኩን ከአፌ ሳላርቅ «እየሞከርኩ ነው» አልኩ። ይህም በሞንታርቦ ወጣ።

አንድ ሰው ሊነሳ ሲል ሌላው ጎተተው። አንገቱ ከተማን አነበብኩ፣ ሳነቴን አነበብኩ፣ መኪናውን አነበብኩ። ሹፌሮቹ ሸራውን ለእሷ ሰጥተው እንደረጠቡ አነበብኩ። ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገችው ሴት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ እሷን እያየሁ ነው ያነበብኩት። ሁለቱንም ገጽ ጨረስኩ። ያሰረዘችኝን ዓረፍተ ነገር አላነበብኩም።

ከዚያ ማይኩን ለዳኛው ሰጠሁት። የእናቱን ታሪክ አነበበ፤ አንድም ቃል ሳይጠፋ ተሰማ። እስኪጨርስ ቆሜ አዳመጥኩ። ቀብሩ ላይ ተገኘሁ። ቤቴ ገብቼ እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። በቀጣዩ ስብሰባ ስሜን ከእድሩ መዝገብ አሰረዝኩ። ካፓሲተሩን እዚያው ተውኩላቸው።